ምን እንደሚልክበት አላውቅም

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለወለተሐና አድማሱ፣

ባለሽበት በናይሮቢ ከተማ ጤናሽ የተጠበቀ፣ እጅሽም የተባረከ ይሁን። እኔ አጎትሽ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው፤ ሐሙስ ዕለት አንኮበር ሄጄ አይቼዋለሁ። ዘንድሮ ብርዱ ቀድሞ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል።

ይህን ደብዳቤ እንደ ልማዴ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። በድምፅ የሚላክልኝን አልሰማም፤ ነግሬሻለሁ። የተጻፈውን ነገር ሰው አስቦበት ነው የሚልከው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቴዎፍሎስን ታውቂዋለሽ፤ አንኮበር ከአባትሽ ቤት ከፍ ብሎ ያለው ጎረቤት ነው። አሁን ሦስት የእንግዳ ማረፊያ ከፍቷል፤ አንዱ እዚህ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ ጎረቤላ፣ አንዱ እዚያው አንኮበር። ዋይፋዩን ሌሎች ሰዎች ሠርተውለት ነበር። በየቤቱ ስሙ ይለያያል፣ የይለፍ ቃሉ ይለያያል፤ ጎረቤላ ያደረ እንግዳ አንኮበር ሲደርስ እንደ አዲስ ይመዘገባል። ቴዎፍሎስ ሦስቱ ቤቶች እንደ አንድ ቤት ይሁኑልኝ አለኝ።

እንደምታውቂው ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የቀረውን የተማርኩት ስልክ ቤት ዘበኛ ሳለሁ ከሚጣሉ የመሣሪያ መመሪያዎች ነው፤ መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ስለዚህ ካጠፋሁ አርሚኝ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። አክሰስ ፖይንት የሚሏቸው ማሰራጫዎች የእንግዳውን መልእክት እዚያው ባሉበት ወደ ኢንተርኔት አይለቁትም። ጠቅልለው፣ ታነል በሚባለው መንገድ፣ ወደ አንድ ዳታ ሴንተር ይልኩታል። እዚያ ተፈትቶ ይወጣል። ምዝገባውም፣ ቁጥጥሩም፣ ትእዛዙም አንድ ቦታ ይሆናል ማለት ነው። አንቺ ያለሽበት ዳታ ሴንተር ለውጭ ደንበኛ ማሽን ያከራያል ብለሽኛል። ኪራዩን ቴዎፍሎስ ይችላል። አንቺ ከዚያ ወገን፣ እኔ ከዚህ ወገን ሆነን እንሥራው። አሥራ ዘጠኝ ማሰራጫ ነው።

ለቴዎፍሎስ መሥራቴ ይገርምሽ ይሆናል። ቢገርምሽም ለራስሽ ያዢው።

አጎትሽ
ወልደተንሣኤ ገብረአማኑኤል


ናይሮቢ
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ወልደተንሣኤ፣

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ። መሰላል መውጣት እንደማይተዉ ስለማውቅ ተዉ አልልዎትም፤ ግን እባክዎ ሰው ይያዝልዎ።

የጻፉት አንዱም ስሕተት የለበትም። እዚህ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው የመጡ ልጆች እንዲህ አጥርተው አይነግሩኝም። ማሽኑን አዘጋጅቻለሁ፤ አድራሻውንና ቁልፉን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መልእክቱ ሲጠቀለል መጠቅለያው ራሱ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የእያንዳንዱን እሽግ መጠን 1400 ላይ ይገድቡት። ካልገደቡት ትንንሹ ያልፋል፣ ትልልቁ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሰው ደግሞ «ኢንተርኔቱ አለ ግን አይሠራም» እያለ ያደክምዎታል።

ሲያዋቅሩት ሌላ ምርጫ ያገኛሉ። ታነሉ ቢቋረጥ ማሰራጫው ምን ያድርግ ይልዎታል። አንዱ ምርጫ ዝግት ብሎ ይቆያል። ሌላው እንግዳውን ባለበት መስመር በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ያወጣዋል። እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ እዚያ የመስመር መቆራረጥ ይበዛል።

አባቴን እሑድ እሑድ በቪዲዮ አየዋለሁ። የጥርሱ መጉደል ሳይቀር ይታየኛል። ቤቱ ከገደሉ ሥር ስለሆነ ያ እርስዎ ጣሪያው ላይ የሰቀሉት የአንቴና ምሰሶ ባይኖር ድምፁን እንኳ አልሰማም ነበር። ይህን በጻፍኩ ቁጥር አመሰግንዎታለሁ፤ እርስዎ መልስ አይሰጡበትም።

ለጋሽ ቴዎፍሎስ መሥራትዎ ደስ አሰኝቶኛል። ከዚህ በላይ አልልም።

ልጅዎ
ወለተሐና


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወለተሐና አድማሱ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሥራሽ ይቅናሽ።

አሥራ ዘጠኙም ተሰቅለዋል። ደብረ ብርሃን ዘጠኝ፣ ጎረቤላ አራት፣ አንኮበር ስድስት። እሽጉን 1400 ላይ ገድቤዋለሁ። ታነሉ ሲቋረጥ ምን ይሁን ለሚለው «ዝጋ» ነው ያልኩት። ምክርሽን አንብቤዋለሁ። የራሴ ምክንያት አለኝ።

ቴዎፍሎስ ሲሞክረው አጠገቡ ነበርኩ።

«ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ ስልኬ ኬንያ ነህ ይለኛል» አለኝ።

«ትክክል ነው።»

«ፓስፖርት ሳላወጣ?»

«የምትናገረው ከዚህ ነው። ዓለም የሚያይህ ግን ከናይሮቢ እንደተናገርክ አድርጎ ነው። የሚታየው መጨረሻ የወጣህበት በር ነው።»

«ሚስቴ እንዳትሰማ ብቻ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁሉም ነገር በአንቺ እጅ ካለው ማሽን ካለፈ፣ የሚያልፈውን ማንበብ ይቻላል ወይ? የሁሉንም አይደለም። የቴዎፍሎስን ስልክ ብቻ። የስልኩን መለያ ቁጥር ጽፌ ልልክልሽ እችላለሁ።

አባትሽ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ተሽሎታል።

ወልደተንሣኤ


ናይሮቢ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደተንሣኤ፣

እግዚአብሔር ዕድሜና ሰላም ይስጥልኝ። የፊታችን ዓርብ ታኅሣሥ 25 መሆኑን አልረሳሁም። የባለቤትዎ የእትዬ ጥሩዬ አርባ የወጣበት ሦስተኛ ዓመት ነው። እዚህ ባለው ቤተ ክርስቲያን ስሟን አስጠራለሁ።

ለጥያቄዎ መልሱ አይቻልም ነው። መልእክቱ ከስልኩ ሲነሳ ተቆልፎ ይነሳል። እኛ ጋ ሲደርስ ወዴት እንደሚሄድ እናያለን እንጂ ውስጡን አናይም። ቢቻልም ደግሞ አላደርገውም። እንግዳ ማረፊያ ነው፤ ስንት ሰው የልቡን ያወራበታል።

ጋሼ፣ ከጋሽ ቴዎፍሎስ ምን ይፈልጋሉ? ቢነግሩኝ ይሻለኛል።

ወለተሐና


ደብረ ብርሃን
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወለተሐና አድማሱ፣

ጤና ይስጥሽ። ጠይቀሽኛልና እነግርሻለሁ፤ የተወሰነውን ታውቂዋለሽ፣ ሁሉንም ግን አታውቂም።

በ2014 ጦርነቱ ወደዚህ በቀረበበት ሰሞን አንቴና ያለው ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበር። ኅዳር 14 ቀን መጥተው ወሰዱኝ። ምክንያቱ አባትሽ ጣሪያ ላይ ያለው ምሰሶ ነው፤ አንቺን እንዲያይበት የሰቀልኩለት። በሦስተኛው ቀን ጥሩዬ ሞተች። ግፊት ነበረባት፤ መድኃኒቷን የማስታውሳት እኔ ነበርኩ። መሞቷን ማንም አልነገረኝም። አንዱ ጠባቂ ለሌላው «የዚያ የሽማግሌው ሚስት ዛሬ ተቀበረች» ሲል በመስኮት ሰማሁ። ሽማግሌው እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። ሣልስቷን አላየሁም። አርባዋ ታኅሣሥ 25 ወጣ፣ እኔን ታኅሣሥ 26 ለቀቁኝ። ምንም አላገኘንብህም አሉ። አርባ ሦስት ቀን ነው። አባትሽ በእኔ ቦታ ቆሞ ሐዘንተኛ ተቀበለ፣ አፈሯን አለበሰ፣ አርባዋን አወጣ። ስፈታ እኔ ታላቁ፣ የታናሼን እጅ ሳምኩ።

ሲመረምሩኝ አንድ ወረቀት አሳይተውኛል። ከታች ስሙ ያለበትን አጥፈውታል። ጽሑፉን ግን አየሁት፤ የቴዎፍሎስ ነው። የዕድራችንን ማስታወቂያ አሥራ አንድ ዓመት የጻፈ ሰው ነው፤ እጁን እንደ ራሴ እጅ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ የአካባቢው ጥበቃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበር። ካነበብኩት ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አልወጣልኝም። «ምን እንደሚልክበት አላውቅም» ይላል።

ሦስት ዓመት ሰላምታ አልነፈግኩትም። ልጁን ሲድር ሄጃለሁ። የሚበቃኝን ነገር እስካገኝ እየጠበቅኩ ነበር። አሁን አገኘሁ።

ጥር 6 ቀን እናቱ ሞተዋል። አርባቸው የካቲት 15 ቅዳሜ ይውላል፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ስለሆነ ትልቅ ድግስ ነው። ሴቷ ልጁ ሪያድ፣ ወንዱ ስዊድን ናቸው፤ መምጣት አልቻሉም። አያታቸው ናቸው ያሳደጓቸው። አንኮበር ባለው ማረፊያ ግቢ ውስጥ ዳስ ተጥሎ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ ልጆቹ ጸሎቱን በቪዲዮ ሊከታተሉ ነው። ስማቸው ሲጠራ ሊመልሱ፣ ከሕዝቡ ጋር ሊያለቅሱ። ይህ ሁሉ በእኔ ማሰራጫና በአንቺ ማሽን ያልፋል።

የምጠይቅሽ ይህ ነው። የካቲት 15 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ታነሉን ከዚያ ወገን ዝጊው። አርባ ሦስት ደቂቃ ብቻ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ደቂቃ፤ ከዚያ ክፈቺው። ጸሎቱ በዚያ መሃል ያልቃል። እኔ የሚስቴ አርባ ላይ አልነበርኩም፤ የእሱም ልጆች በእናቱ አርባ ላይ አይኖሩም። የሰው ሕይወት አልጠየቅኩሽም።

ወልደተንሣኤ


ደብረ ብርሃን
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወለተሐና፣

ደብዳቤዬን በላክሁበት ቀን እንዳነበብሽው ስልኬ ያሳየኛል። አሥራ ሦስት ቀን ሆነ። ዝም ማለት መልስ ነው ብለሽ ከሆነ ለእኔ መልስ አይደለም። ጻፊ።

ወልደተንሣኤ


ናይሮቢ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደተንሣኤ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት።

ከእኔ ወገን አልዘጋውም። እትዬ ጥሩዬ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ፀጉሬን የጎነጎነችልኝ ሰው ናት፤ ሞቷ ለእኔ ቀላል ነው ብለው አያስቡ። ግን ይህን አላደርግም። እርስዎም እንዳያደርጉት እለምንዎታለሁ። እንዲያው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሄደው ጋሽ ቴዎፍሎስን ፊት ለፊት ቢጠይቁት? «ይህን ጽፈሃል ወይ?» ብለው ሳይሆን... እንዴት ብለው እንደሚጠይቁት አላውቅም። ብቻ ይጠይቁት።

አባቴ ባለፈው እሑድ ብዙ አላወራም። ምግብ ይበላል ወይ?

ወለተሐና


ደብረ ብርሃን
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወለተሐና፣

አባትሽ ይበላል።

ቴዎፍሎስን የምጠይቀው ነገር የለኝም። የሚጠየቅ የማያውቁት ነገር ነው። አንቺም አያስፈልጊኝም፤ ወደ ናይሮቢ የሚወስደውን መንገድ ከዚህ ወገን የምዘጋበት ቁልፍ በእጄ ነው። ማሰራጫዎቹን «ዝጋ» ያልኳቸው ለዚህ ነበር፤ አሁን ይገባሽ ይሆናል። የጠየቅኩሽ አብረሽኝ እንድትቆሚ ብዬ ነው። አልቆምሽም።

ወልደተንሣኤ


ደብረ ብርሃን
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወለተሐና አድማሱ፣

ትላንት የሆነውን ልንገርሽ፤ ምንም እንኳ ከእኔ ቀድመሽ ብታውቂው።

ቴዎፍሎስ እጄን ይዞ ከፊት፣ ከካህናቱ ቀጥሎ አስቀመጠኝ። «ልጆቼን ያመጣልኝ እሱ ነው» አላቸው። አባትሽ ከጎኔ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑን ከዳሱ ምሰሶ ጋር አስረውታል። ሴቷ ጥቁር ለብሳ ብቻዋን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ናት፤ ወንዱ ከኋላው በረዶ የሚታይበት መስኮት አለ። ገና ጸሎቱ ሳይጀመር ሴቶቹ እያዩዋቸው ያለቅሳሉ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኬን ከጋቢዬ ሥር ይዤ መንገዱን ዘጋሁ።

ምስሉ ቆመ። የልጅቷ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። እስከ አምስት ያህል ቆጠርኩ። ከዚያ ተንቀሳቀሰች።

ስልኬን አየሁ፤ ተዘግቷል ይለኛል። ከፍቼ እንደገና ዘጋሁት። ተዘግቷል። ልጅቷ ግን «እማዬ፣ እማምዬ» እያለች ታለቅሳለች፤ ድምፅዋ ከቅድሙ ይልቅ ጠርቶ ይሰማል። ከአልዩ አምባ ለለቅሶ የመጣው አብዱልጀሊል ከኋላዬ ነበር፤ ወፍጮ ሲበላሽበት የምሠራለት ጓደኛዬ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ወልዴ፣ በሰው አርባ ላይ ሎተሪ ትፍቃለህ እንዴ?» አለኝ። «ሥራ ነው» አልኩት። «ሥራውማ ሠርቷል፣ ማሻአላህ። እየው እንዴት ጥርት እንዳለ።»

አርባ ሦስቱ ደቂቃ እንዲህ አለፈ። ቄሱ ስማቸውን ሲጠሩ ልጆቹ ሁለቱም መለሱ። ከዚያ አባትሽ ወደ እኔ ዘንበል አለ። «ያኔ ይህ ቢኖር አንተም ታያት ነበር» አለኝና ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ለጥሩዬ ያለቀሰ መስሎኝ ጉልበቱን መታ መታ አደረግኩት።

ቤቴ ገብቼ ማሰራጫዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። በአሥራ ዘጠኙም ላይ «ዝጋ» ያልኩት «በቀጥታ አውጣ» ተብሏል። የተለወጠው የካቲት 13 ነው። የተለወጠው ከናይሮቢ ነው።

ትእዛዙ ከማዕከል እንደሚመጣ ረስቼው አይደለም። አንቺ ታደርጊዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። ከዳሱ ስወጣ ቴዎፍሎስ አቅፎ ሳመኝ። ሦስት ዓመት ያቆየሁትን ነገር መሳቂያ አድርገሽብኛል። አባትሽን ጥሩዬን ቀበረልኝ ብዬ ባላከብረው ኖሮ ዛሬ ከዚህ የከፋ እጽፍልሽ ነበር።

ምክንያትሽን በአንድ ወረቀት ጻፊ። ካላሳመነኝ ዘመድሽ አይደለሁም።

ወልደተንሣኤ


ናይሮቢ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደተንሣኤ፣

ተቀምጠው ያንብቡት።

ለጋሽ ቴዎፍሎስ ያኔ የነገሩት ነገር አለ፤ ስልኩ ኬንያ ነህ ሲለው። የሚናገረው ከዚህ ነው፣ የሚታየው ግን መጨረሻ የወጣበት በር ነው ብለውታል። ያን ደብዳቤ ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ከቢሮ ወጣሁ።

ያ የጥቆማ ወረቀት የጋሽ ቴዎፍሎስ ጽሑፍ ነው። ቃሉ ግን የእሱ አይደለም። እዚያ ሁልጊዜ እንደሚደረገው ቃል ሰጪ ይናገራል፣ ጸሐፊ ይጽፋል፣ ቃል ሰጪ ይፈርማል። እርስዎ ያዩት የጸሐፊውን እጅ ነው። የታጠፈው ስም የአባቴ ነው።

የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ እሑድ ቀን፣ በዚያው ምሰሶ። ኮሚቴው መጥቶ «ይህ አንቴና የማን ነው?» አለው። «የወንድሜ ነው» አለ። «ምን ይልክበታል?» አሉት። ፈርቶ ነበር ጋሼ፤ ብቻውን ነበር፣ መሣሪያ ይዘዋል። «ምን እንደሚልክበት አላውቅም» አለና ፈረመ። ይጠይቁት ይሆናል እንጂ ይወስዱታል ብሎ አላሰበም። ከዚያ እትዬ ጥሩዬ ሞተች። ከዚያ በኋላ ደግሞ እርስዎ ተፈትተው እጁን ሳሙት። «እጄን ሲስመኝ አፌ ተለጎመ» ነው ያለኝ። ለማንም እንዳልናገር በእናቴ አስማለኝ። ዛሬ መሐላዬን አፍርሻለሁ።

ቅንብሩን የለወጥኩት እርስዎን ለማዋረድ አይደለም። በማያገባው ሰው ላይ ነው ሊዘጉ የነበረው፤ እኔ ደግሞ አውቃለሁ። አውቄ እንዴት ልተው?

ሁለት ዓመት ዝም ማለቴን አልሟገትም። ለአባቴ ግን እለምንዎታለሁ። ሰውነቱ አልቋል። ከእርስዎና ከእሑድ በቀር ምንም የለውም።

ልጅዎ
ወለተሐና


ደብረ ብርሃን
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወለተሐና አድማሱ፣

ከትላንት በስቲያ እሑድ ደውለሽ አባትሽ እንዳልተነሳልሽ አውቃለሁ። በሕይወት አለ። የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ፤ ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈልግም።

መጀመሪያ ቴዎፍሎስ ዘንድ ሄድኩ።

«የእናትህ አርባ ዕለት መስመርህን ዘግቼው ነበር» አልኩት።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለኝ።

«ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሦስት።»

«ምንም አልሆነም እኮ።»

«ምንም ያልሆነው በእኔ አይደለም። እኔ ዘግቼዋለሁ።»

ለምን እንደሆነ ነገርኩት። ሲሰማኝ ፊቱ ጠቆረ። ስጨርስ «ስለ ወረቀቱ ቢጠይቁኝ አልነግርዎትም ነበር» አለ። «ጸሐፊ ነበርኩ። ደግሞ ወንድማማች ናችሁ።» ቀጥሎ «ልጆቼ ምን አደረጉዎት?» አለኝ። የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት።

«ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?» አለ።

«እኔ እሠራዋለሁ። አርባ ሦስት ወር፣ ያለ ክፍያ። ከዚያ ሰው ፈልግ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ዕድሜዬን አልጠየቅኩህም» አልኩት። ሊሸኘኝ አልተነሳም። ልክ ነው።

ቀጥዬ አባትሽ ዘንድ ሄድኩ። እሑድን የመረጥኩት አውቄ ነው። አብዱልጀሊል በመኪናው ወሰደኝ፤ መሰላሉን ከላይ አስረን። መንገዱን ሁሉ ሊያስቀኝ ሞከረ፣ እንደማልስቅ ሲያይ ተወኝ። አንኮበር ጉም ስለነበር ቤቱ የታየን በሩ ላይ ስንደርስ ነው።

አባትሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሳ።

«ነገረችህ» አለ።

«ነገረችኝ።»

«ግባና ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም።»

«ፈርቼ ነው፣ ወንድም ዓለም።»

«ሁሉም ሰው ፈርቶ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። ስትጠየቅ ግን ስሜን አንተ ነህ የጠራኸው።»

ዝቅ ብሎ መሬት መሬት አየና «የዋሸሁት የለም። ምን እንደምትልክበት አላውቅም ነበር» አለ።

«ሦስት ጊዜ አስረድቼሃለሁ፣ አድማሱ። ልጅህን ነው የምልክበት።»

ይቅር በለኝ ሊለኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እጄን አንስቼ አስቆምኩት። ይቅርታ የሚጠይቅበት ሦስት ዓመት ነበረው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ከእኔ ጋር በላ፣ ጠጣ፣ የጥሩዬን ስም ከእኔ ጋር ጠራ። ሐዘንተኛ ሲቀበልልኝ ጥፋቱን እየቀበረ ነበር፤ እኔ የሚስቴን አስከሬን የቀበረ መስሎኝ አከበርኩት።

ሰው አልመታሁም፣ ሰው አልከሰስኩም። ምሰሶውን ልወስድ ነው የመጣሁት። በእኔ እጅ የተሰቀለ ነው፣ አርባ ሦስት ቀን የከፈልኩበትም እኔ ነኝ። እኔ ጥሩዬን ለመጨረሻ ጊዜ ሳላያት ከቀረሁ፣ እንዳላያት ያደረገኝ ሰው በእኔ ምሰሶ በየሳምንቱ ልጁን አያይም። አንቺም ሁለት ዓመት አውቀሽ እጁን ስስም ያየሽ ያህል ነሽ፤ ስለዚህ ይህ ለአንቺም ነው። አባትሽን ማየት ካማረሽ አውሮፕላን አለ፣ ከአውሮፕላኑ በኋላ አውቶቡስ አለ። ነይና እዪው። እኔ አልከለክልሽም፤ የምታድሪው ግን እኔ ቤት አይደለም።

ጨካኝ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አብዱልጀሊልም ብሎኛል፤ «ወላሂ፣ አላህም እንዲህ አይቆጥርም» አለኝ። እኔ ግን የምቆጥረው እንዲህ ነው።

መሰላሉን ከግድግዳው አስጠግቼ ወጣሁ። አብዱልጀሊል «በዚህ ነገር እጄን አላስገባም» ብሎ መኪናው ውስጥ ቀረ። መሬቱ በጉሙ ረጥቦ ነበርና መሰላሉ ይንሸራተታል። ሦስተኛው እርከን ላይ ስደርስ ጸና። ወደ ታች ሳይ አባትሽ ነው፤ በሁለት እጁ ይዞታል፣ ግንባሩን እንጨቱ ላይ አስደግፏል። ተው አላልኩትም።

ገመዱን ፈታሁ፣ ሽቦውን ነቀልኩ። የመጨረሻው ብሎን ዝጓል፤ በእጄ አልላቀቅ አለኝ።

«መፍቻውን አቀብለኝ» አልኩት።

አቀበለኝ።

ወልደተንሣኤ ገብረአማኑኤል